የማይታየው ፊደል

ባታምባንግ ላይ፣ ከሳንግኬ ወንዝ ዳር፣
ብስክሌት ከሚጠግኑበት ሱቅ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ሦስት ሰው፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፣
ለገጠር ትምህርት ቤቶች ልንሠራ መጻፊያ።
ስም እንኳ አላወጣንለትም፤ ፊሩን «ቆይ» ይላል፤
«ሳይቆም ስም የጫኑበት በስሙ ይወድቃል።»

ጥያቄው አንድ ነበር፦ ፊደሉን ማን ይሣለው?
በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ አንድ አድርጎ ማን ያቁመው?

ሬአክስመይ «ያለቀለት አለ» አለች፤ «ምን ያደክመናል?
ብሮውዘር በሆዱ የያዘ ማዕቀፍ ሁሉን ይሠራልናል።»
ጫንነው። እውነቷን ነው፤ ፊደሉ ተኳኩሎ ወጣ፤
አንድ መስመር ሳንጽፍበት ግን ግማሽ ጊጋ ጠጣ።
የሳምሎቷ መምህርት ላፕቶፕ ትዝ አለኝ፤
ቁልፉ የተፋቀ፣ ክዳኑ በጎማ የታሰረ፣
ሁለት ጊጋ ብቻ ይዞ እስከ ዛሬ የኖረ።
እንግዳው ቤቱን ሞልቶ
ባለቤቱ ደጅ ሊያድር ነው።

ፊሩን ደግሞ «ለየአገሩ የአገሩን ሰው እንቅጠር፤
ዊንዶውስ በራሱ እጅ ይጻፍ፣ ማክም በራሱ ብዕር።»
ቀለለ። ፈጠነ። ወደድነው ሦስት ቀን።
በአራተኛው አንዱን ገጽ በሦስቱም ከፈትን።
የኛ ጽሑፍ በቃልና ቃል መካከል ክፍተት የለውም፣
መስመሩ የት እንደሚሰበር ያላደገበት አያውቅም፤
አንዱ ማሽን ቃሉን በወጉ ሲያሳርፈው፣
ሌላው ከወገቡ ቆርጦ ጣለው፣
በሦስተኛው እግሩ ከአካሉ ርቆ
ብቻውን ቆሞ አገኘነው።

እግር ስል፣ ከፊደል ሥር የሚገባውን ፊደል ነው፤
የሚያስገባው ሌላ ምልክት አለ፣ ዓይን የማያየው፤
ድምፅ የለው፣ መልክ የለው፣ ሥራው አንዲት ትእዛዝ ናት፦
ተከታዩን «ከወንድምህ በታች ውረድ» ማለት።

ሦስተኛው መንገድ ቀጭን ነው፤ ቅርጽ ይለካል፣ ያቀብላል፤
ጠቋሚውን፣ መስመሩን፣ መቅዳቱን «የእናንተ ዕዳ ነው» ይላል።
ሬአክስመይ በጣቷ ቆጠረች፦ ሥራው ሁለት ዓመት፣
ገንዘባችን ግን ዘጠኝ ወር። ተጨቃጨቅን እስከ ሌሊት።

በማግስቱ ሙንናራን ጠራናቸው፤ ሎክ ታ እንላቸዋለን፣ አያት ማለት ነው።
ድሮ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ይለቅሙ ነበር።
ደረጃውን እያረፉ ወጡ።
በአንድ ጣት የሚስታቸውን ስም ጻፉ፦ ስሬይሞም።
ከስሟ የመጀመሪያ ፊደል ሥር
የተሳሳተ እግር ገባ።
ማጥፊያውን አንዴ ነኩ፤
ፊደሉ ከነእግሩ፣ ከነአናባቢው፣ ድራሹ ጠፋ።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«የተሳሳትኩት እግሯን ነው፤
እሷን ለምን ወሰዳችኋት?»

ከታች ጎማ የሚነፋው ልጅ ብቻ ይሰማ ነበር።
«በእርሳሱ ዘመን» አሉ ቆይተው፣
«በወስፌ ጫፍ ነቅዬ
እግሩን ብቻ እቀይር ነበር።»
ሬአክስመይ ተነሥታ፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ
የራሷን ምርጫ በመዳፏ ጠረገችው።

አሥራ አንድ ወር ሆነ።
ፊሩን ፕኖም ፔን ባንክ ገባ፤ ደመወዙ ደኅና ነው።
ሬአክስመይ ቀን ቀን የሠርግ ካርድ ታትማለች፣
እኔ የነጋዴ ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤
ማታ ማታ እዚህ እንገናኛለን፤ አንዱ ወንበር ዕቃ መቆለያ ሆኗል።
መጻፊያው በሳምሎቷ ላፕቶፕ በአንድ እስትንፋስ ይከፈታል።
ሊኑክስ ላይ ግን ጠቋሚው አሁንም አንዳንዴ
ከፊደሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤
ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ኮዱ በተነካ ቁጥር የሚሮጥ ፈተና አለን፤
የፈተናው የመጀመሪያ መስመር ስሬይሞም ነው።
ማሽኑ በቀን አርባ ጊዜ እግሯን ይነቅላል፣
መልሶ ይተክላል።
ለሎክ ታ አልነገርናቸውም።